ዓርብ ብቻ የሚታየው አምባዛ

ባሕር ዳር የሄድሁት ሐይቅ ለማየት አይደለም። ሐይቁን ጠግቤዋለሁ፤ የወጣትነት ዘመኔን ዳሩ ላይ ነው የጨረስሁት። የሄድሁት የሱቅ በር ፎቶ ለማንሣት ነው። ይህን ስል የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በጎልማሶች ትምህርት ክፍላችን አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ የሳቃችሁብኝ እናንተው ናችሁና ይህንንም የጻፍሁት ለእናንተው ነው። አብዛኞቻችሁ ከነፋስ መውጫ ወጥታችሁ ደብረ ታቦርን የምታልፉት ለፍርድ ቤት ወይ ለሐኪም ነው። ለበር ብላችሁ የምትሄዱ አይመስለኝም። እኔ ሄጄላችኋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በወጣትነቴ ባሕር ዳር ላይ መላኩ ከሚባል ሠዓሊ ጋር የሱቅ ፊት እቀባ ነበር። መላኩ የተማረ ነው፤ ፊደሉን በጠመኔ ይነድፋል፣ እኔ በብሩሽ እሞላለሁ። ሥዕሉ ግን ከጥግ እስከ ጥግ የኔ ነበር። የጸጉር ቤቱ መቀስ፣ የሥጋ ቤቱ ሰንጋ፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ ሁሉም ከኔ እጅ የወጣ ነው። ሰው ግን «የመላኩ ሥራ» ነበር የሚለው። ጥጉ ላይ የሚጻፈውም የሱ ስም ነው፤ ያንኑ ስም እየሞላሁ የማደርቀው ደግሞ እኔ።

ይህን ክፍል ውስጥ ባወራ አግዳሚ የሚጋራኝ ግንበኛው ወርቄ ምን አለ? «ሀን ከለ ሳይለይ ከተማ ሙሉ የጻፈ ሰው ዛሬ አየን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማንበብ እስክችል ጠበቅሁ፣ ቻልሁም። ልጄ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ገዛችልኝ። ከዚያ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ሁሉ ሱቁ በላስቲክ ማስታወቂያ እየተሸፈነ ነው፣ በአስፋልቱ ዳር ያለው ደግሞ ማዘጋጃ ቤት እያዘዘ አንድ ዓይነት ቀለም እየተቀባ ነው ይለኝ ጀመር። አሁን ካልሄድሁ እጄ የነካው አንድ በር እንኳ አይተርፍም። ከሁሉም በላይ አንዱን ፈልጌ ነበር፤ ከሐይቁ አጠገብ ያለውን የሰይድን መረብ ሱቅ በር። የሱን ፎቶ ይዤ ካልተመለስሁ ወርቄ ልክ ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ

ሲነጋጋ መናኸሪያ ነበርሁ። የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሹፌሩ ሞተሩን እስኪያሞቅ ጋቢዬ ላይ ጤዛ አረፈ። ቅጥቅጡ ሲነሣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የድንች ጆንያዋን እግሬ ላይ አሳረፈችና «አባባ፣ ይችሉታል» አለችኝ። ችዬ ደብረ ታቦር ደረስሁ።

ከደብረ ታቦር ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በየጥምዙ አንድ ልብስ ታወልቃለህ። ወረታ ስንገባ ጋቢውን ጠቅልዬ ተቀመጥሁበት። ለምሳ ወረድን። የወረታ ዙሪያ ሩዝ ነው፤ እንጀራውም ሩዝ የገባበት ነው፣ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። ጣዕሙን አልነቅፍም። ግን የኛ የገብስ እንጀራ አንዴ ከተበላ እስከ ማታ አይጠይቅህም፤ ይኼኛው ሽሮው ሳያልቅ ሆዴ ሌላ አለኝ። ባለቤቷ ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ።

ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ የጨርቅ ሱቅ አለ። በሩ አረንጓዴ ነው፤ በላዩ ጣቃ ጨርቅ በየቀለሙ ተሥሎበታል። የኔ ሥራ አይደለም፣ ግን የሰው እጅ ነው። ስልኬን ብደቅን ባለቤቱ ጠሩኝ፤ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ቆባቸውን አስተካክለው መጡና በሩ መሐል ቆሙ።

«በል አንሣ። እኔ ከሌለሁበት እንጨቱ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጣቴ ገባ፤ በሁለተኛው ሽማግሌው ሳል ያዛቸው። ከዚያ ደኅና ወጣ። ቴምር አስጨብጠው ሸኙኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። ወረታ ላይ ተጠየቅሁ፣ ተናገርሁ፣ በክብር ተሸኘሁ። ባሕር ዳር ስደርስ ይህን ረሳሁት።

ከሐሙሲት ወዲያ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት በጨርቅ የተጠቀለለ ብሩሽ አገኘ። ከመላኩ ጋር የሠራሁበት ነው፤ ጸጉሩ አልቆ አንድ ጭራ ቀርቶታል፤ ለምን እንደያዝሁት እኔም አላውቅም።

«ቀለም ቀቢ ነዎት?» አለኝ።

«ሠዓሊ ነኝ» አልሁት። በሕይወቴ ለሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ምንም አልመሰለው፤ «ይለፉ» ብሎ ወደ ድንቿ ሴትዮ ዞረ።

የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ከኛ ደጋ ለሚመጣ ሰው ባሕር ዳር መጀመሪያ ላብ ናት፣ ቀጥሎ ባጃጅ። ዘንባባው ያው ነው፣ የሐይቁ ሽታም ያው ነው፤ ሌላው ሁሉ ፎቅ ሆኗል። የእህቴ ልጅ ብርቱካን ሰባታሚት ቤት ሠርታ ትኖራለች፤ የማርፈውም እሷ ዘንድ ነው። እኔ ግን ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልሁ በቀጥታ ወደ ፋሲሎ ሄድሁ። የሰይድ ሱቅ እዚያ፣ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው ባለ ድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ነው።

ሱቁ እንዳለ አለ። መረቡ፣ ገመዱ፣ መንጠቆው፣ ጀሪካኑ ተሰቅሏል። ከላይ ግን ላስቲክ ተወጥሯል፤ ስልክ ቁጥርና ዓሣ አለበት። ዓሣው የፈረንጅ ነው፤ የጣና ዓሣ እንደዚያ አይስቅም። የኔ ሥዕል ደግሞ አይታይም።

እዚህ ላይ የበሩን አሠራር ካልነገርኋችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በሩ ሁለት ሰፋፊ መዝጊያ አለው። ሲከፈት ወደ ውጭ ዞሮ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል፤ ውጭ የነበረው ፊት ግድግዳውን ያያል። ስለዚህ የሣልሁት የሚታየው ሱቁ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሥዕሉ ከመዝጊያው ጀርባ አለ ወይስ ጠፍቷል? በመዝጊያው ላይ መረብ ስለተሰቀለ አጮልቆ ማየት አይቻልም።

ውስጥ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሟል። በመልኩ የሰይድ ልጅ እንደሆነ ገባኝ፤ ያኔ እግሬ ሥር የሚድህ ሕፃን ነበር። ስሜን ነግሬ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ሄጄ «ሥዕሌ አለ ወይ?» ብዬ ለምኜ፣ «የምን ሥዕል? መላኩ ነው የሠራው» የሚል መልስ ከሰው አፍ ከምሰማ በዓይኔ ባይ ይሻለኛል አልሁ።

«በሩን ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?» አልሁት።

«ለምን ፈለጉት?»

«ለማወቅ።»

ዓይኑን ከኔ ሳያነሣ፣ ጠዋት ከንጋቱ ጀምሮ ክፍት እንደሆነ፣ የሚዘጋውም ሲመሽ እንደሆነ ነገረኝ። በጨለማ ፎቶ አይወጣም፤ እኔም ባጃጅ ሳይጠፋ ሰባታሚት መግባት አለብኝ። ቀን የሚዘጋበት ጊዜ የለም ወይ አልሁት። «ዓርብ፣ ለጸሎት» አለኝ። እስክርቢቶ አወጣሁና መዳፌ ላይ ጻፍሁት። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። ሰውየው መዳፌን አየ፣ ፊቴን አየ። እኔም ደኅና ዋል ብዬው ወጣሁ።

የብርቱካን ባል ጴጥሮስ የወላይታ ሰው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። አይሆንም ብዬ ብሟገት፣ «ጋሼ፣ እኔ አገር አጎት መሬት ላይ ካስተኛሁ ሚስቴን መልሰው ይወስዱብኛል» አለኝ። ተኛሁ። ከቤቴ አልጋ ይሻላል፤ ይህን ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ በከተማው በሮች ፊት ዞርሁ። አሁን ማንበብ እችላለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ከተማ ማለት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሁሉ እያወራ አንተን ብቻ የማያናግር ስብሰባ ነው። ዛሬ ሁሉም አናገረኝ። «እግዜር ያውቃል ጋራዥ» የሚል አየሁ፤ መኪናዬን እዚያ አላስገባም። «ብትመጣም ባትመጣም ሻይ ቤት» የሚል አየሁና ገባሁ፤ አስተናጋጇም እንደ ስሙ ናት፣ መምጣቴን እስክታይ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ከአሥር ሱቅ ዘጠኙ ላስቲክ ነው። አንድ ማሽን የተፋው ፊደል፣ አንድ ማሽን የተፋው ፈገግታ። ነፋስ መውጫ ላይ ይህን ብንሰቅል የኛ ነፋስ በአንድ ሌሊት ደብረ ታቦር ያደርሰው ነበር።

አንድ ጥሩ የጫማ ሱቅ ሳነሣ ጎኑ ያለውን መሥሪያ ቤት የሚጠብቅ ሰው መጥቶ ደምስስ አለኝ። ጫማ ነው ብል፣ ጫማው አጠገብ አጥር አለ አለኝ። ደመሰስሁ። ከዚያ ሌላውንም አሳየኝ ብሎ ቆመና የወረታውን ሽማግሌ ሲያይ ሳቀ። «እሳቸውንስ ተዋቸው» ብሎ ሄደ።

ከገበያው ጀርባ ባለ ቅያስ የኔን የመጀመሪያ በር አገኘሁ። ድሮ የልብስ ሰፊ ሱቅ ነበር፤ አሁን የእህል መጋዘን ነው። ቀለሙ ተልጧል፣ መኪናዋ ግን አለች። የመርፌዋን ብልጭታ የሣልሁበት ነጭ ነጥብ እንኳ አልጠፋም። ከሥሯ ያለውን፣ ያኔ ምን እንደሚል ሳላውቅ የሞላሁትን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። «የወንድና የሴት ልብስ በጥራት እንሰፋለን» ይላል። ይኼ ብቻ ነው? ለዚህ ነው እንዳይጣመም ትንፋሼን ይዤ የሞላሁት? እኔ አንድ ትልቅ ነገር ይል መስሎኝ ነበር። ጥጉ ላይ «መላኩ» ይላል። አነሣሁት። ቀጥ ያለ ፊደል ነው፣ አንድ ቦታ እንኳ ከመስመር አልወጣም። የኔ እጅ ነው።

ማታ ጴጥሮስ ዓሣ ጠብሶ ጠበቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ሣልሁ እንጂ በልቼ አላውቅም ብለው ማመን አቃተው። የአባያ ዓሣ ከጣናው እንደሚበልጥ እያስረዳኝ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ አቀረበልኝ። ብርቱካን «ጋሼን ሕፃን አደረግኸው» አለችው። ዓሣው አይከፋም፤ ግን በግ አይሆንም።

ዓርብ

ከሱቁ ማዶ ካለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። አዛን ሲሰማ ልጁ (ስሙ ሙሐመድ መሆኑን ከሻይ ሻጯ ሰማሁ) መረቡን አወረደ፣ ጀሪካኑን አስገባ፣ ከዚያ የግራውን መዝጊያ ይዞ ሳበ። ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ጢም አየሁ።

አምባዛው ነበረ።

ላስረዳችሁ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ጢማም፣ ረጅም ዓሣ ነው። ራሱን በግራው መዝጊያ፣ ጅራቱን በቀኙ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር ሣልሁት። ሲዘጋ ይገጥማል፣ ሲከፈት ይሰነጠቃል። ከበላዩ ውኃ፣ ከውኃው ላይ ታንኳ፣ ታንኳው ላይ መረብ የሚጥል ሰው። ሰውየው ራሱ ሰይድ ነው። ያኔ ሰይድ ከሐይቅ የወጣ አምባዛ እርጥብ ጆንያ ላይ አጋድሞልኝ «እሱን አይተህ ሣል፤ ከልብህ አታውጣ፣ ዓሣ አጥማጅ ይስቅብኛል» አለኝ። የረመዳን ወር ነበር። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ፣ እሳቸው እየጾሙ፣ ለኔ ሻይና ዳቦ በእጃቸው ያመጡልኝ ነበር። ጾመኛ ሰው ሻይ አፍልቶ ሲያቀርብልህ የምትጠጣበት አፍ ታጣለህ። ያንን ሁሉ ነው የሣልሁት።

ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን አለ። ከዓሣው በላይ «ሰይድ የመረብና የገመድ ሱቅ» ይላል። ከጅራቱ ሥር፣ በጥጉ፣ «መላኩ»። ተነሥቼ በፊት ለፊት፣ በጎን፣ ተንበርክኬ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ አነሣሁት። ቁልፉን ጭምር አነሣሁ። ሻይ ሻጯ ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ከራሴ» አልኋት። ደስታ ሲይዘኝ መልስ አላውቅበትም። የዚያን ቀን በሰባታሚት መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ባጃጅ ነጂው በመስታወት እያየኝ ሄደ።

ቅዳሜ

ዝናብ ጣለ። ፎቶ ቤት ሄጄ አምባዛውን በትልቁ አሳተምሁት፤ ለእትዬ ዘይነባ ልሰጣቸው። በሕይወት መኖራቸውን ከሻይ ሻጯ ሰምቻለሁ። ሰይድ አርፏል፤ መላኩም ካረፈ ቆይቷል። አሳታሚው ልጅ ሥዕሉን አይቶ «ይሄ የት ነው? ከተማው ውስጥ ይሄ አለ?» አለኝ። በየቀኑ በፊቱ የሚያልፍበት ነው፣ ግን ክፍቱን ነው የሚያውቀው። ነገርሁት። ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ሐይቁ ዳር ተጠልዬ ቆምሁ። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ፎቶውን በብብቴ ይዤ ሄድሁ። መንገዱን ገና ስታጠፍ የዘይት ቀለም ሸተተኝ። ያ ሽታ ለሌላ ሰው ሽታ ነው፤ ለኔ ስም እንደመጥራት ነው። ሮጥሁ ልበል፣ በኔ ዕድሜ።

መዝጊያዎቹ እንዲደርቁ በገመድ ታስረው ገርበብ ብለዋል። ግራጫ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ግራጫ፣ እንደ እስር ቤት። አምባዛ የለም፣ ታንኳ የለም፣ ሰይድ የለም።

ሙሐመድ ሲያየኝ ከውስጥ ወጣ። ፊቱ እንደፈራም እንደተቆጣም ነው።

«ቀብተናል» አለ። «ባሉት ቀለም ነው። እንዳታሽጉብን እንጂ ሌላ ምን እናድርግ? በሉ አሁን ያንሡት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የማያውቁት ሰው መጥቶ በሩን መቼ ትዘጋላችሁ ይላል፣ መዳፉ ላይ ይጽፋል፣ ዓርብ ተመልሶ የተዘጋውን በር ከነቁልፉ ያነሣል፣ ሻይ ሻጯ ከየት ነህ ስትለው ከራሴ ይላል። በአስፋልቱ ዳር አንድ ቀለም ይቀባ እየተባለ በሚወራበት ከተማ ይህን የሚያደርግ ሰው ማን ሊሆን ይችላል? እኔም ብሆን እቀባለሁ። ያንን በር ላድነው ብዬ ሄጄ ያስቀባሁት እኔ ነኝ። የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጥሁ። ፎቶውን ዘረጋሁለት።

ሙሐመድ አየው። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ውስጥ ተጣራ፣ «እማዬ!»

እትዬ ዘይነባ በምርኩዝ ወጡ። ፎቶውን ከሩቅ አደረጉት፣ ከቅርብ አደረጉት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ስኳር የሚያበዛው!» አሉ።

ስሜን አላስታወሱም። ስኳሬን ግን አስታወሱ። አዎ እኔ ነኝ አልኋቸው። ያኔ በሻይ ላይ የምጨምረውን ስኳር አይቶ ሰይድ «ይህ ልጅ ሱቁን ያከስርብናል» ይል እንደነበር ለልጃቸው ነገሩት። ለሣቅም ለልቅሶም በማይመች ሰዓት ሣቅን። ከዚያ ምርኩዛቸውን ወደ ሙሐመድ አነሡ።

«እንግዳ ሲመጣ ምን ፈለግህ ይባላል እንጂ ቀለም ይገዛል?» ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? አፍህን የት ትተኸው መጣህ?»

ሁለታችንንም እኩል ገሠጹን። ልክ ናቸው። ሙሐመድ በቤንዚን እንጠበው አለ፤ ሥዕሉ አብሮ ይጠፋል አልሁት። የላስቲክ ሠሪዎቹ ፎቶውን አትመው በሩ ላይ ይለጥፉልን አለ። ይህን ሲል ቆምሁ።

«ላስቲክ አይነካውም። ጠመኔ አምጣ» አልሁት።

«ጽሑፉንስ ማን ይነድፍልዎታል? መላኩ እንደሆነ...»

«እኔ።»

ሰኞና ማክሰኞ

ሱቁን ሁለቱንም ቀን ዘጉልኝ። ቀለም ይቀባ የሚለው ወሬ ለአስፋልቱ ዳር እንጂ ለነሱ ቅያስ ማንም የነገራቸው ነገር እንደሌለ ሙሐመድ አጣርቶ መጣ። እትዬ ዘይነባ «እስኪነግሩን ድረስ የኛ ነው» ብለው ወንበር አውጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ግራጫው መደብ ሆነልኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከድሮው ሰማያዊ ይልቅ የንጋት ሐይቅ ይመስላል። ፎቶውን በምስማር ሰቅዬ ጀመርሁ። መረብ ሊገዙ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ሱቁ መዘጋቱን ሲያዩ ሊቆጡ መጥተው ቆመው ቀሩ። አንዱ ጢሙ አጠረ አለ፤ ሌላው ኧረ ረዘመ አለ። ሊጣሉ ሲሉ አንደኛው ሄዶ እውነተኛ አምባዛ አምጥቶ ጆንያ ላይ አጋደመው። አጥሮ ነበር። ለጢሙ ደግሞ ያቺ አንድ ጭራ የቀረችው ብሩሼ ተስማማች፤ አዲሶቹ ያን ያህል መቅጠን አይችሉም። ብርቱካን ምሳ ይዛ መጥታ እጄ ቀለም ስለሆነ ራሷ አጎረሰችኝ። ዓሣ አጥማጆቹም አጎረሱኝ። ሻዩ በየሰዓቱ ይመጣል፤ ስኳሩን እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ይጨምራሉ፣ በቃኝ አልልም።

ጽሑፉን ማክሰኞ ጀመርሁ። ሥዕል ላይ እጄ አይፈራም። ፊደል ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የነደፈውን ነበር የምሞላው። ሙሐመድ ስልክ ቁጥር ይጨመርበት አለ። እናቱ ቁጥሩ ላስቲኩ ላይ አለ፣ በሩ ላይ ድሮ የነበረው ብቻ ይጻፍ አሉ። ሰይድ ብዬ ጀመርሁ። ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። በሦስተኛው ቀጥ አለ። ሲያልቅ እትዬ ዘይነባ ተነሥተው ቀረቡ።

«ሰይድ የሚለው የትኛው ነው?»

እሳቸውም አያነቡም። ያኔም ይህ በር ሲሠራ ሁለታችንም አናነብም ነበር። ቀለሙን ሳልነካ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከዚህ እስከዚህ። ቆመው አዩት።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ዓሣውን ነው የማየው» አሉ።

ጥጉ ቀረ። መላኩን ነፍሱን ይማር፤ የሱ በሮች የሱ ናቸው፣ የእህል መጋዘኑም የሱ ይሁን። ይኼኛው ግን የሱ አይደለም። ከጅራቱ ሥር «ሥዕሉም ጽሑፉም የይርጋ» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አልነደፈልኝም።

ረቡዕ

በጥዋት ልሰናበታቸው ስሄድ ሱቁ ሊከፈት ነው። ቀለሙ ደርቋል። ሙሐመድ መዝጊያውን ይዞ ቆመልኝና ሳልከፍተው አንሣው እንጂ አለኝ፤ ለዚህ አይደል የመጣኸው። ሦስት ቀን አብረን ስለዋልን አንቱታው ቀርቷል። ስልኬን አወጣሁ። ደቀንሁ። ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትሁት።

«ክፈተው፣ ገበያህን ሥራ» አልሁት።

እትዬ ዘይነባ ለመንገዴ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። እሱም እስካሁን አልተነካም።

ይኸውላችሁ። የድሮው አምባዛ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፤ ጥጉ ላይ መላኩ ይላል፤ ወርቄ ያንን አይቶ የሚለውን አውቃለሁ፣ ይበል። አዲሱን ግን ሆን ብዬ አላነሣሁትም። እንደ ተከሳሽ ማስረጃ ይዤ ክፍል ውስጥ አልቆምም። የሚያነብ ሰው ሄዶ ያንብብ፤ ፋሲሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ፣ የሰይድ መረብ ሱቅ። ወርቄ ሆይ፣ ስትሄድ ግን ዓርብ ሂድ፣ በጸሎት ሰዓት። በሌላ ቀን ብትሄድ የምታገኘው ክፍት በር ነው፤ ተመልሰህ ይርጋ ዋሸ እንዳትል።